የእማዬ የበር መብራት፦ ስማርት አምፖል በኮድ ማዘዝ ስጀምር የሆነው

እማዬ ጆሮዋ መድከም ከጀመረ አራት አመት ገደማ ሆኖታል። ቤቷ አዲስ አበባ ያለ አሮጌ የግቢ ቤት ነው፣ ላሜራ በሩ ከሳሎኑ ሀያ እርምጃ ያህል ይርቃል፣ ሰው መጥቶ ያንኳኳል ያንኳኳል ከዛ «የለችም» ብሎ ይመለሳል፣ እሷ ግን ሳሎን ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ቡና ልትጠራት ሶስት ጊዜ ልጅ ልካ ሶስቴም ልጁ በሩን ደብድቦ ተመልሷል። እማዬ ማታ ይሄን ስትሰማ በጣም ከፋት፣ «ጠርተናት ቀረች ነው እኮ የሚሉኝ» አለች። እኔ ድረ ገጽ ነው ምሰራው፣ እቃ የሚያዝ ኮድ ጽፌ አላውቅም ነበር፣ ግን የዛን ቀን ነው በሩ ሲንኳኳ በጆሮዋ ሳይሆን በአይኗ እንድታውቀው አደርጋለሁ ብዬ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ተራ ሽቦ አልባ ደወል፣ ብልጭ የሚል መብራት ያለውን ገዝቼ ሰቀልኩላት። ትንሿ መብራት ግድግዳ ላይ ብልጭ ስትል ካላየቻት አላየቻትም በቃ፣ ስትፈትል አይኗ እንዝርቱ ላይ ነው። ስለዚ መለወጥ ያለበት ክፍሉ ራሱ ነው፣ የተቀመጠችበት ብርሃን ከተለዋወጠ ቀና ባትልም ታውቀዋለች። ከስማርት አምፖሎች መሀል ፊሊፕስ ሂውን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው፣ ትእዛዙ ኢንተርኔት ሳይነካ ቤት ውስጥ ብቻ መሄድ ይችላል። ብዙ ርካሽ የዋይፋይ አምፖሎች ስልክህ ላይ «አብራ» ስትል ትእዛዙ ውጭ ሀገር ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው ተመልሶ ሳሎንህ የሚገባው፣ ኢንተርኔት በሄደ ቁጥር የእማዬ በርም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ሂው ላይ ግን ብሪጅ የምትባል ነጭ ሳጥን አለች፣ በኬብል ራውተሩ ላይ ትሰካለች፣ ከአምፖሎቹ ጋር ደግሞ በዋይፋይ ሳይሆን ዚግቢ በሚባል 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በሚሰራ ሬድዮ ታወራለች፣ አንተ ኮድህን ለብሪጇ ትልካለህ እሷ ለአምፖሉ ታደርሳለች። ምርቱ የወጣው በኦክቶበር 2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ በማርች 2013 ደግሞ ኤፒአዩን (የሌላ ሰው ኮድ ብሪጇን የሚያዝበትን መንገድ) እና የአይፎን ኤስዲኬውን (የፕሮግራመር መስሪያውን) ለሁሉም ፕሮግራመር ከፈቱት፣ ከዛ ወዲህ ሰው የጻፈው ምሳሌ ኮድ በሽበሽ ነው፣ የመብዛቱን ጣጣ እመለስበታለሁ።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ጉዳዩን ስነግራት ሳትውል ሳታድር ሰው ፈልጋ ሶስት አምፖልና ብሪጅ ያለበትን ካርቶን ላከችልን። ከፍቼ አምፖሉ አንገት ላይ የተጻፈውን ሳነብ 110–130 ቮልት ይላል። የኛ 220 ነው። ጥርሱም ይለያያል፣ የአሜሪካው ኢ26 ነው የኛ ኢ27፣ ልዩነቱ ግን አንድ ሚሊሜትር ስለሆነ ስትጠመዝዘው ይገባልሃል፣ አደጋውም እሱ ነው፣ ገባልኝ ብለህ ማብሪያውን ትጫናለህ። የብሪጇ አዳፕተር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የፈለገችው፣ ዚግቢውም የትም ሀገር ያው ነው፣ ስለዚ ብሪጇን አስቀርቼ አምፖሎቹን መለስኩ። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ 220–240 የሆኑ ሁለት ባለ ቀለም አምፖሎችና በባትሪ የምትሰራ አንዲት የሂው ቁልፍ፣ ለበሩ መጥሪያ የምትሆነንን፣ ይዞ እስኪመጣ አንድ ወር ተኩል ጠበቅን። ከውጭ ዘመድ የምታስልኩ ሰዎች እባካችሁ ከመግዛታቸው በፊት ቮልቱን ንገሯቸው።

የመጀመሪያው ምሽት ደስ ይላል። ኤስዲኬ ሲባል ትልቅ ነገር ጭነህ ኮምፓይል አርገህ ምናምን መስሎኝ ነበር፣ ግን ነገሩ ድረ ገጾች የሚነጋገሩበት ተራ ኤችቲቲፒ ነው፣ ድረ ገጽ የሰራ ሰው የሚያውቀው ጌት (አምጣ)፣ ፖስት (አዲስ ላክ)፣ ፑት (ቀይር)፣ ጄሰን በሚባል አጻጻፍ የተደራጀ መረጃ ትልካለህ ጄሰን ይመልስልሃል። ዶክመንቱን ለማንበብ አካውንት መክፈት አለብህ፣ በነጻ ነው። የብሪጇን አይፒ፣ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ላይ ያላትን አድራሻ፣ ታገኛለህ፣ የአፕህን ስም ይዘህ ፖስት ትልካለህ፣ እሷ ኤረር 101 ትመልሳለች፣ መሀሏ ላይ ያለው ትልቁ ቁልፍ አልተጫነም ማለቷ ነው። ተነስተህ ትጫነዋለህ፣ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ያንኑ ፖስት ትደግማለህ፣ አሁን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ትሰጥሃለች፣ ከዛ በኋላ የምትልከው ትእዛዝ ሁሉ በዚህ ኪይ ነው የሚያልፈው። ይሄን አሰራር በጣም ወድጄዋለሁ፣ ፓስወርድ የለ ምን የለ፣ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሳጥኗን በእጁ መንካት የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ኮምፒውተሬ መኝታ ቤት ብሪጇ ሳሎን ስለነበሩ እማዬን «እጄን ሳነሳ ተጫኚው» አልኳት፣ ተጫነችው፣ ኪዩ መጣ። ከዛ አንድ ፑት ስልክ የሳሎኑ አምፖል በራ። «አንተ ነህ ያበራኸው? ከዛ ሆነህ?» አለችኝና ሁለት ሶስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አሁን ወደ ጣጣው። ኤፒአዩ ሁለት ትውልድ አለው፣ በአሮጌው አምፖሎች 1፣ 2፣ 3 ተብለው ይጠራሉ፣ ድምቀት ከ1 እስከ 254 ነው፣ ቀለም ከ0 እስከ 65535 ባለ ቁጥር ይነገራል። ከ2021 ወዲህ ያለው አዲሱ ላይ እያንዳንዱ አምፖል ረጅም መለያ አለው፣ ድምቀት በፐርሰንት ነው፣ ቀለም ኤክስ እና ዋይ በሚባሉ ሁለት ነጥቦች ብቻ ነው የሚነገረው፣ በተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው የሚያናግርህ፣ ኪዩም አድራሻው ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ከጥያቄው ጋር በሚሄድ ሄደር በሚባል ራስጌ ይሄዳል። ኪዩን ለማውጣት ግን አሁንም በአሮጌው አድራሻ ነው የምትሄደው፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚምታታበት። እኔ ከአንዱ ቦታ የአሮጌውን ኮድ ከሌላው የአዲሱን ቀድቼ አደባልቄ ሁለት ምሽት ከኤረር ጋር ስታገል ነበር። የምትጀምሩ ከሆነ በአዲሱ ጀምሩ፣ አንድ ምሳሌ ስታዩም መጀመሪያ ድምቀቱን እዩት፣ 254 ካለ የአሮጌው ነው። የሰርተፊኬቱም ነገር አለ፣ ብሪጇ እሷ መሆኗን የምታሳይበት ዲጂታል መታወቂያ ማለት ነው፣ እሱን ኮምፒውተርህ ስለማያውቀው ፓይተን (ኮዱን የጻፍኩበት ቋንቋ) አልገናኝም ይላል፣ ብዙ ሰው ማረጋገጫውን ያጠፋዋል፣ እኔ ግን ዶክመንቱ ውስጥ ያለውን ዋና ሰርተፊኬት ወስጄ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም ከብሪጇ መለያ ጋር እንዲመሳከር አደረግኩ፣ ግማሽ ሰአት አልፈጀም። አዲሱን የመረጥኩት ግን በዋናነት ለኢቨንት ስትሪሙ ነው፣ በአሮጌው መጥሪያዋ መነካቷን ለማወቅ በየሰከንዱ «ተነካች ወይ?» እያልክ መጠየቅ ነበረብህ፣ አሁን አንዴ መስመር ከፍተህ ትጠብቃለህ፣ የሆነ ነገር ሲቀየር ብሪጇ ራሷ ትነግርሃለች።

የቀለሙን ነገር ደግሞ ከእማዬ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ሰማያዊ አደረግኩት፣ ለኔ ቆንጆ ነው፣ እሷ ግን ልብ አላለችውም። ሰው ሲያረጅ የአይኑ ሌንስ ወደ ቢጫ ስለሚሄድ ሰማያዊ ብርሃን ይቀንስበታል፣ አምፖሉም ራሱ በሰማያዊ ሲሆን ብዙ አይደምቅም። ቀይ አደረግኩት፣ ደንግጣ ብድግ አለች፣ «እሳት የተነሳ መሰለኝ እኮ ልጄ!» አለች፣ ወዲያው አጠፋሁት። አረንጓዴ ላይ ተስማማን፣ ኤክስ 0.17 ዋይ 0.7። ቀን ግን ጸሀይ በመስኮት እየገባ አረንጓዴውም አይታይም፣ ስለዚ ቀን ቀን ነጩ በሙሉ ድምቀት ይበራል ይጠፋል፣ ማታ ማታ አረንጓዴ ይሆናል። አምፖሉንም ከኮርኒስ አውርጄ የጠረጴዛ መብራት ላይ አደረግኩት፣ ፊት ለፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ፣ ለውጡ የመጣው ከቀለሙ በላይ በዚህ ነው።

አበራሩን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነበር የጻፍኩት፣ በየ50 ሚሊ ሰከንዱ ትእዛዝ ይልካል። ለነጠላ አምፖሎች በድምሩ በሰከንድ ከ10 ትእዛዝ በላይ፣ ለግሩፕ (አብረው ለሚታዘዙ አምፖሎች) ደግሞ ከ1 በላይ አትላኩ ይላል ዶክመንቱ፣ እኔ ይሄን ሳላነብ ስለጀመርኩ የተወሰነው ይደርሳል የተወሰነው አይደርስም፣ አምፖሉ የሚያደርገውን አጣ። በዛ ላይ በሰከንድ ከሶስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ ቤታችን የሚመጣው እንግዳ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግማሽ ሰከንድ በርቶ ግማሽ ሰከንድ እንዲጠፋ አደረግኩት፣ ለአስር ሰከንድ። ያኔ ደግሞ ፈዘዝ አለብኝ፣ አምፖሉ ካልነገርከው ከአንዱ ሁኔታ ወደሌላው ለመሄድ 400 ሚሊ ሰከንድ እያዘገመ ነው የሚሄደው፣ የሽግግሩን ጊዜ ዜሮ ስለው ተስተካከለ።

መጥሪያዋ ስትነካ የሚመጣው መልእክት አንድ አይደለም፣ ስትጫን አንድ፣ ስትለቅ ሌላ፣ ይዘህ ከቆየህ ሌላ፣ እኔ ሁሉንም ስቀበል አንድ ሰው መጥቶ ሁለቴ ይበራል። ስትጫን የሚመጣውን የመጀመሪያውን መልእክት ብቻ ያዝኩ። ስትሪሙ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ ጄሰን ያልሆነች «ሃይ» የምትል መስመር ትመጣለች፣ እሷን ጄሰን ነች ብሎ ለማንበብ የሞከረ ኮድ እዛው ይወድቃል። ከሁሉም የገረመኝ ግን አምፖሉ አረንጓዴ ሆኖ የቀረበት ማታ ነው። ኮዴ ምልክቱን ከመስጠቱ በፊት አምፖሉ የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል ሲጨርስ ይመልሳል፣ አንድ የሰፈር ልጅ ግን መጥሪያዋን በላይ በላይ ሲጫናት ሁለተኛው ጭነት «የነበረበት ሁኔታ» ብሎ የያዘው አረንጓዴውን ነው፣ ወደሱም መለሰው። እማዬ ሌሊቱን በአረንጓዴ ሳሎን አሳለፈች፣ ምንም አላለችኝም፣ ጠዋት ስሄድ ነው ያየሁት። አሁን ምልክት እየሰጠ ባለበት ሰአት የሚመጣን ጭነት ጊዜውን ያራዝማል እንጂ ሁኔታ አይይዝም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ማንኛውም ጀማሪ ሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደርስበት ነው። ስራው የጀመረው መብራት ሲሄድ ነው።

በሶስተኛው ሳምንት ማታ መብራት ሄዶ ሌሊት 9 ሰአት መጣ። ሁለቱም አምፖሎች በሙሉ ድምቀት ቦግ አሉ፣ እማዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ነበር የተኛችው፣ ሌባ የገባ መስሏት እስኪነጋ ቁጭ ብላ አደረች። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አምፖሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እንዲበራ ነው የሚስተካከለው፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ማብሪያ የሚጫን ሰው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር ነው፣ የደህንነት አቋም ይሉታል። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚኖርበት ቤት ግን መጀመሪያ መቀየር ያለበት እሱ ነበር፣ እኔ ነኝ አላነበብኩትም። እያንዳንዱ አምፖል ላይ ኃይል ሲመለስ ምን እንደሚሆን የሚወስን ቦታ አለ፣ «ፓወርፌይል» የሚለውን ከመረጥክ መብራት ሲሄድ የነበረበት ላይ ይመለሳል፣ ጠፍቶ ከነበረ ጠፍቶ ይቆያል። ለእያንዳንዱ አምፖል በአንድ ፑት አለቀ።

እሱ ሲያልቅ ግን መጥሪያዋ ዝም አለች። መብራት ሲመጣ ራውተሩ አይፒዎችን እንደ አዲስ አድሎ ብሪጇ ከ192.168.1.7 ወደ 192.168.1.4 ሄዳለች፣ ኮዴ አሁንም 7 ጋ ያንኳኳል። እሺ ብዬ በተነሳ ቁጥር ብሪጇን በኢንተርኔት በሚገኘው የመፈለጊያ አገልግሎት እንዲፈልግ አደረግኩት፣ በሚቀጥለው ጊዜ መብራት መጣ ኢንተርኔቱ ግን ገና አልመጣም፣ ፈልጎ አጣ ወደቀ። ኢንተርኔት እንዳያስፈልገው ብዬ ሂውን መርጬ እኔው መልሼ ኢንተርኔት ላይ አሰርኩት ማለት ነው። አሁን ራውተሩ ላይ ለብሪጇ ቋሚ አይፒ አስይዣለሁ፣ እዛ ካጣት ደግሞ ኤምዲኤንኤስ በሚባል፣ ያለ ኢንተርኔት የቤቱን ኔትወርክ ጠይቆ በሚፈልግ መንገድ ይፈልጋታል። ኮዱ ያለበት ራስፕቤሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ከብሪጇ ቀድሞ ነው የሚነሳው፣ ስለዚ ሲያጣት መሞት ትቶ ሁለት ሰከንድ፣ አራት፣ ስምንት እያለ እስከ አንድ ደቂቃ እያራዘመ ይሞክራል፣ ቢወድቅም ሲስተምዲ፣ ፓዩ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው፣ መልሶ ያስነሳዋል።

ከሁሉም የከፋው ግን ኮዱ የሚሆነውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ ምንም ያልታየው ነው። በኋላ ፓዩን መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆይ ዩፒኤስ ላይ አድርጌው ነበር፣ ብሪጇ ግን ግድግዳ ላይ። መብራት ሲሄድ ብሪጇ ሳትሰናበት ነው የምትጠፋው፣ መስመሩ ተዘግቷል የሚል መልእክት ለፓዩ አይደርሰውም፣ ስለዚ ኮዴ ስትሪሙ ክፍት እንደሆነ አስቦ ይጠብቃል፣ ብሪጇ ተመልሳ ስትመጣ ያንን መስመር አታውቀውም፣ እሱ ደግሞ መጠበቁን አይተውም። ኤረር የለ ምን የለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። በሁለተኛው ቀን ከጎንደር የመጣች የእማዬ እህት በር ላይ ሻንጣዋን ይዛ አርባ ደቂቃ ቆመች፣ ጎረቤት ነው ያስገባት። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መፍትሄው አጭር ነው፣ ስትሪሙ ላይ የማንበቢያ ታይምአውት ታደርጋለህ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ምንም ካልመጣ ዘግተህ እንደገና ትከፍታለህ፣ በቃ። ግን ይሄን የጀማሪ ምሳሌ ኮዶች ውስጥ አላየሁትም፣ ምሳሌዎቹ ሁሉ ብሪጇ ሁሌም እንደበራች ቆጥረው ነው የተጻፉት።

ከዛ በኋላ ራሴ ላይ እምነት ስለጠፋኝ አንድ ነገር ጨመርኩ። በየጠዋቱ 1 ሰአት ኮዱ የሁለተኛውን፣ የበረንዳውን፣ አምፖል ድምቀት በትንሹ ይቀይራል፣ ያ ለውጥ በስትሪሙ ተመልሶ እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ ሲመጣለት ብቻ የሳሎኑን አንዴ አረንጓዴ ያደርጋል። ዝም ብሎ አረንጓዴ ቢያደርግ መላክ መቻሉን እንጂ መስማት መቻሉን አያሳይም፣ ለዛ ነው ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት። እማዬ ቁርሷን ስትበላ ታየዋለች። ካላየችው ትደውልልኛለች፣ እኔ የምለውን በስልክ ብዙም ስለማትሰማ «አረንጓዴዋ ዛሬ አልመጣችም ልጄ» ትልና ትዘጋዋለች። እስካሁን ሶስት ጊዜ ደውላለች፣ ሶስቱንም ትክክል ነበረች።

መብራት በሌለበት ሰአትስ ሰው ቢመጣ? ራውተሩን፣ ብሪጇን፣ ፓዩንና የሳሎኑን የጠረጴዛ መብራት ሁሉንም አንድ ዩፒኤስ ላይ አደረግኳቸው፣ አምፖሉ አስር ዋት እንኳን አይሞላም ሁሉም ተደምረው ቀላል ናቸው። ከዛ ብሬከሩን አውርጄ ሞከርኩ፣ መጥሪያዋ አትሰራም። ገርሞኝ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ፣ ዚግቢ ላይ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ አምፖል ሁሉ የሌላውን መልእክት ያቀብላል፣ የበሩ መጥሪያ ብሪጇ ጋ የምትደርሰው በበረንዳው አምፖል በኩል ነበር፣ እሱ ደግሞ ዩፒኤስ ላይ የለም። የጠረጴዛውን መብራት ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት አጠገብ አዛወርኩት፣ መጥሪያዋንም ከላሜራው ላይ አንስቼ የኮንክሪት ምሰሶው ላይ አደረግኳት፣ ብረት ሬድዮ ያፍናል። ብሬከሩን አውርጄ ደግሜ ሞከርኩ፣ ሰራ። መጥሪያዋ ለውጭ የተሰራች ስላልሆነች ከላይ የቆርቆሮ ክዳን ሰርተንላታል፣ በማግኔት ብቻ ስለምትያዝም በደንብ አጣብቀናታል።

ሰውን ማስለመድ ከኮዱ በላይ ጊዜ ወሰደ። የሰፈሩ ሰው በር ያንኳኳል እንጂ ቁልፍ አይፈልግም፣ በትልቁ «ይህንን ይጫኑ» ብዬ ብለጥፍም በድንጋይ ላሜራውን ነው የሚመቱት። የረዱን ልጆቹ ናቸው፣ ያ መጥሪያዋን በላይ በላይ የተጫናት ልጅ አሁን እናቱ ቡና ስትልከው አንዴ ብቻ ይጫንና ይቆማል፣ ሌላ ሰው ሲያንኳኳ ካየም «እዛ ጋ ነው» ብሎ ያሳያል። እማዬ አረንጓዴውን ስታይ እንዝርቷን አስቀምጣ ነጠላዋን ታነሳለች፣ እኔ እዛ ቁጭ ብዬ ሁለት ሶስቴ አይቻታለሁ።

የቀረው ማድ ቤቱ ነው፣ ወጥ ስትሰራ ሳሎን ያለው ብርሃን አይታያትም፣ ሶስተኛ አምፖል ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ይዞላት ይመጣል፣ ከመክፈሉ በፊት አንገቱ ላይ ያለውን ቮልት ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።